አንኳኩቶ የሚገባ

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው፤ «ወጌሻዋ» ካሉ ግን ሁሉም ቤቷን ያሳያል። የምታሸው የሰው አጥንት አይደለም። ኮምፒውተር ነው የምትጠግነው። አልነሳ ያለውን ታስነሳለች፣ የተንቀራፈፈውን ታፈጥናለች፣ ቫይረስ የገባበትን ታጸዳለች። ደንበኞቿ መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ቤታቸው አንድ ኮምፒውተር አስቀምጠው ከሱ ጋር በፍቅርና በጥል የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ጡረተኞች አሉ፣ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ አሉ፣ ልጆቻቸው ርቀው ስለሚኖሩ ፊታቸውን በስክሪን የሚያዩ እናቶች አሉ። ወጌሻዋ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከቤት ቤት ስትዞር ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ቀን የአንድ ደንበኛዋን ፕሪንተር ታቅፋ ከፎቅ ስትወርድ ደረጃው ገና ታጥቦ አልደረቀም ነበር። ፕሪንተሩን ላለመጣል ስትል ራሷን ጣለች። ፕሪንተሩ ምንም አልሆነም፤ የሷ የግራ እግር ግን ከጉልበት በታች ተሰበረ። የአጥንት ሐኪሙ ጀሶ አድርጎላት ሲያበቃ ጣቱን ቀስሮ፣ «ይህ እግር እኔ ፈቀድኩለት ሳልል መሬት እንዳይረግጥ» አላት።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ተሸክሞ ወደ ቤት ካስገባት በኋላ እግሯን ትራስ ላይ አስቀመጠላትና ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ለሰው ወጌሻ፣ ለራሷ አንካሳ!»

ሌላውን ትራስ ወረወረችበት። እሱ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። እንጀራዋ በእግሯ ላይ የቆመ ነበር። እግሯ ከተኛ ሥራዋም ተኛ ማለት ነው።

ስልኩ ግን አልተኛም። ኮምፒውተር የሰው እግር መሰበሩን አይቶ አይታገስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስልክ ብቻ ለመርዳት ሞከረች፤ ትዕግሥቷን ያስጨረሷትም የገዛ አክስቷ ናቸው። አክስትየዋ ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት የፈጁ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በማዋለጃ ክፍል ውስጥ «ግፊ! ተንፍሺ! ያዢ!» ብለው ሲያዙ ሐኪም እንኳ ቀና ብሎ የማያያቸው ሰው፣ አሁን ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚታዘዙት ራሳቸው ሆኑ።

«አክስቴ፣ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ምልክት ይጫኗት።»

«በማን ግራ? በኔ ነው በሱ?»

«በርስዎ ግራ።»

«ፊት ለፊቴ ተቀምጧል እኮ። የኔ ግራ ለሱ ቀኝ ነው።»

«እሱን ይተዉት አክስቴ፣ እሱ ግራና ቀኝ የለውም።»

«ታዲያ ግራና ቀኙን ከማያውቅ ጋር ነው የምታታግይኝ?» አሉና ተነፈሱ። «ስንቱን ልጅ መብራት ጠፍቶ በእጄ ዳብሼ አውጥቻለሁ። ይሄኛው ግን እግሩ ይሁን ጭንቅላቱ አልታወቀኝም።»

ያን ቀን አንዲት ፎቶ ከኢሜይል አውርዶ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ሄደ። ወጌሻዋ ስልኩን ስትዘጋ ጆሮዋ ግሎ ነበር። እንደዚህ እንደማይዘለቅ ገባት። እዚሁ አልጋዋ ላይ ሆና የሰውን ኮምፒውተር ልክ እንደራሷ አይታ የምታንቀሳቅስበት ፕሮግራም ያስፈልጋታል።

እንደዚህ ያሉ ፕሮግራሞች መኖራቸውን ድሮም ታውቃለች። ግን አትወዳቸውም ነበር። ሰው ቤት በር አንኳኩቶ፣ «ግቢ» ተብሎ፣ ጫማ ጠርጎ መግባት አንድ ነገር ነው፤ በማይታይ ቀዳዳ ገብቶ የሰው ጓዳ መሃል መቆም ሌላ ነው። አሁን ግን ምርጫ አልነበራትም። ቢያንስ ቀዳዳውን ራሷ መርጣ፣ መዝጊያ ልታበጅለት ቆረጠች።

መጀመሪያ የሞከረችው ብዙ ሰው የሚያወራለትን ነው። የሞከረችበትም ከተማው ዳር የሚኖሩ፣ መጽሐፍ የሚተረጉሙ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ቤት ነው። የተርጓሚው ቤት ኢንተርኔት ደካማ ነው። ወጌሻዋ እዚህ ስትጫን እዚያ ምንም አይታይም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ቢባልም የዚህ እንቁላል ግን ገና አልተፈለፈለም። ደጋግማ ተጫነች። ከዚያ በመንገድ ላይ ተሰልፎ የቆየው ሁሉ በአንዴ ደረሰና የተርጓሚው ስክሪን ላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተከፈተ።

«ልጄ፣» አሉ ተርጓሚው በስልኩ፣ «ልትጠግኚው ነው ወይስ ልትለክፊው?»

ያንን ዘጋችው።

ሁለተኛው ፈጣን ነበር። ፈጣን ሲባል፣ እጇ ሳይነሳ ሥራው ያልቃል። ምስሉ ጥርት ያለ፣ ማውሱ እንደ ዓሣ የሚንሸራተት። አንዴ ከተጫነ በኋላ ደግሞ አንድ ቋሚ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም መግባት ይቻላል። ደስ አላት፤ ለደንበኞቿ ሁሉ ልትጭነው ተነሳች። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና አስቀድማ በራሷ ላይ ልትፈትነው ፈለገች። ባሏ ከሥራ ሲገባ የራሱን ላፕቶፕ አስያዘችውና ወደ ማእድ ቤት ላከችው። የይለፍ ቃሉን ነገረችው።

«ሌባ ነህ። መቼ እንደምትገባ ሳትነግረኝ ግባ። እኔ ካወቅሁብህ ተሸነፍክ።»

ከዚያ አልጋዋ ላይ ሆና ላፕቶፗን እያየች ጠበቀች። ምንም የለም። ቀይ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ «ሰው መጣ» የሚል ጽሑፍ የለ። ሲሰለቻት ለእህቷ መልእክት መጻፍ ጀመረች። ስለ እግሯ ጻፈች፣ ስለ ሐኪሙ ጻፈች፣ እያዋዛች ደግሞ ስለ ባሏ ምግብ ጻፈች።

ከማእድ ቤት ድምፅ መጣ።

«ሾርባው ጨው የለውም ያልሽው የምርሽን ነው?»

ወጌሻዋ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት ያህል ደነገጠች። ከዚያ ሳቋ መጣና እግሯ እስኪያማት ሳቀች። ባሏ ማንኪያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እህትሽም ታውቃለች ማለት ነው?» ሲል ደግሞ ባሰባት።

ሳቁ ሲበርድ ግን ላፕቶፗን ዘጋችው። የሾርባ ነገር ሆነና አሳቃት እንጂ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ? አክስቷ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፎልደር አለ። አክስትየዋ ያዋለዷቸው ሕፃናት ፎቶ ነው። እናቶቹ ራሳቸው የሚልኩላቸው፤ አንዳንዷ ገና ከአልጋ ሳትነሳ የተነሳችው፣ አንዳንዱ ልጁ አድጎ የላከው። አክስትየዋ ያንን ፎልደር ለእህታቸው ልጅ እንኳ ከፍተው አሳይተው አያውቁም። «የሰው ምስጢር ነው፤ ልጅ ብቻ አይደለም የሰጡኝ፣ ገመናቸውንም ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ቤት ላይ ሁልጊዜ ክፍት የሚያድር በር ገጥማ ስትሄድ ታያት። የይለፍ ቃሉ አንድ ቀን ከሷ እጅ ቢያመልጥ የሁሉም ደንበኛ ቤት በአንድ ቁልፍ ተከፈተ ማለት ነው።

«ይሄም ይቅር» አለች።

«ፈጣን ነው አላልሽም?»

«ፈጣን ነው። ሌባውም ፈጣን ነው።»

ሦስተኛውን ያገኘችው ብዙ አንብባ፣ ብዙ ጠይቃ ነው። ይሄኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም። በየጊዜው አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ ባለቤቱ ቁጥሩን ለሷ ያነባል፤ እሷ ስታስገባው ደግሞ በባለቤቱ ስክሪን ላይ ስሟ ይመጣና «ትግባ ወይስ ትመለስ?» ብሎ ይጠይቃል። ከገባች በኋላ ስክሪኑ አናት ላይ ቀይ መስመር ተዘርግቶ ይቆያል፤ መስመሩ ላይ ያለችውን ምልክት የነካ ሰው እንግዳውን በዚያው ቅጽበት ያስወጣል። በመካከል የሚተላለፈው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚያነበው የለም። እሷም በራሷ የይለፍ ቃል ብቻ አትገባም፤ ስልኳ ላይ ሌላ ኮድ ይላክላታል። የይለፍ ቃሏ ቢሰረቅ እንኳ ስልኳ ካልተሰረቀ ሌባው በር ላይ ይቀራል።

ፍጥነቱ መጀመሪያ አላስደሰታትም። ከዚያ ግን ቅንብሩን ስትጎረጉር ደረሰችበት፤ ቀለሙን ቀነሰች፣ ከጀርባ ያለው ትልቅ ፎቶ እንዳይላክ አደረገች። እንደገና ተርጓሚው ቤት ሞከረችው። የተጫነችው ሁሉ በተጫነችበት ደረሰ።

«አሁን ገና ወደ ሰውነት ተመለስሽ» አሉ ተርጓሚው። ትንሽ ቆይተው ግን ማጉረምረም አልቀረላቸውም። «ግን ምን አለ እኔ ስተኛ ሠርተሽ ብትጨርሺልኝ? የግድ ቁጭ ብዬ ‹ትግባ› ማለት አለብኝ?»

«እርስዎ ሳይኖሩ ቤትዎ መጥቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«እንደዚያው ነው።»

ተርጓሚው ሳቁ። ደስ እንዳላቸው ከሳቃቸው ታወቃት።

የአክስቷን ኮምፒውተር ግን ከሁሉም በላይ ተጠበበችበት። አክስትየዋ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን መግቢያ፣ አዲስ ፕሮግራም ሊተክል የማይችል አድርጋ ለየችው። ለመትከል ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

«እሱን አንቺው ያዢልኝ» አሉ አክስትየዋ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? የማላውቀውን ቁልፍ ማንም አይወስድብኝም።»

«እሺ። አንድ ነገር ግን ቃል ይግቡልኝ። ማንም ቢደውል፣ ‹ከእገሌ መሥሪያ ቤት ነኝ› ቢልም፣ ‹እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ› ቢልም፣ ቁጥር እንዳይሰጡት። ስልኩን ዘግተው እርስዎ ለኔ ይደውሉልኝ።»

«እሺ እሺ፣ አታስፈራሪኝ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ መንገድ ያዘ። እግሯ ትራስ ላይ፣ ላፕቶፗ ጭኗ ላይ፣ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ሆኖ ከቤት ቤት መዞር ጀመረች። ባሏ ሾርባውን ጨው ጨምሮበት ሲመጣ አምስት ሰው ቤት ገብታ ወጥታ ያገኛታል።

አንድ ጠዋት ባሏ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናቸው። ድምፃቸው ግን የታፈነ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማቸው የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ... ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰው አለ።»

«ምን?»

«ማውሱ ብቻውን ይሄዳል። እኔ አልነካሁትም።»

አክስትየዋ እያንሾካሾኩ ባጭሩ ነገሯት። በቤቱ መደበኛ ስልክ አንድ ሰው ደወለ፤ ኢንተርኔት ካስገባልዎት ድርጅት ነኝ አለ። ምላሱ ማር ነው፤ «እማማ» ሳይል አንድ ቃል አይናገርም። ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ የጎረቤቶችዎንም እያሳመመ ነው፣ አሁኑኑ ካልታከመ መስመርዎ ይዘጋል አላቸው። መጨነቃቸውን ሲረዳ ደግሞ ትንሽ ፕሮግራም አስወረዳቸው። ያቺ ፕሮግራም ሳትተከል እንዲሁ የምትከፈት ስለነበረች ኮምፒውተሩ አልከለከላትም። ቁጥር አስነበባቸው፤ ገባ።

«ከዚያ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ነገር ሊያስገባ ሲል ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀው። ‹ንገሩኝ እማማ› አለኝ። የእህቴ ልጅ ጋ ነው ያለው፣ ልጠይቃት አልኩት። ‹የለም የለም፣ ለማንም አይንገሩ፤ ለሷም ቢሆን› አለኝ።» ድምፃቸው ትንሽ ጠነከረ። «ይሄኔ ደሜ ቀዘቀዘ። ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ‹ለቤተሰብሽ እንዳትናገሪ› ብሎ የመጣ ሰው በጎ ነገር ይዞ ሲመጣ አላየሁም። ወተት ጥጄ ነበር፣ ገነፈለብኝ ብዬው ተነሳሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፤ እየጠበቀኝ ነው። በሞባይሌ ነው የማወራሽ።»

ወጌሻዋ ሳታስበው ከአልጋ ልትወርድ እግሯን አወዛወዘች፤ ሕመሙ መለሳት። ጥርሷን ነክሳ ተረጋጋች።

«አክስቴ፣ የዋይፋዩ ሳጥን የት ነው?»

«ቴሌቪዥኑ አጠገብ። መብራት የሚያበራው።»

«ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉት። አሁኑኑ!»

የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። አንድ ነገር ወደቀ።

«አክስቴ?»

«የቱ እንደሆነ ስላልለየሁት ሁሉንም ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል።»

«እሰይ! ማውሱስ?»

«ቆመ።» ትንሽ ጠበቁ። «ቆሟል። ወዴትም አይልም።»

በዚህ መሃል ከሩቅ የሰው ድምፅ ወጌሻዋ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ከተተወው ስልክ የሚመጣ፣ «እማማ! እማማ! ምን ነካዎት እማማ?» የሚል። አክስትየዋ ወደዚያው ሲራመዱ ሰማች። ከዚያ ያ በማዋለጃ ክፍል የሚታወቀው ድምፃቸው መጣ።

«ወተቴን አውርጄዋለሁ፤ አንተንም አውርጄሃለሁ!»

ስልኩ ሲዘጋ ኳ! አለ።

የቀረው በእርጋታ የሚሠራ ነበር። ኢንተርኔቱ እንደተነቀለ፣ ወጌሻዋ በስልክ እየመራቻቸው ያቺን ትንሽ ፕሮግራም ዘጓት፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት። አክስትየዋ በዚያን ዕለት ስለ ግራና ቀኝ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ከዚያ ገመዱን መልሰው ሰኩ፣ ቁጥሩን አነበቡላት፣ «ትግባ» የሚለውን ተጫኑ።

«ቀዩ መስመር መጣ» አሉ። «አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ አክስቴ። ስሜ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ግን ድምፅሽን ካልሰማሁ አላምንም፤ እያወራሽ ሥሪ።»

እያወራች ሠራች። ያ ሰው ያስወረዳት ፕሮግራም የሠራችውን ሁሉ የሚጽፍ መዝገብ ነበራት፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰውዬው የገባውም የቆየውም ለጥቂት ጊዜ ነው። የወሰደው ፋይል የለም። የነካው የባንክ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱንም ከፍቶት ነበር፣ ግን አክስትየዋ የይለፍ ቃላቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ስለማያስቀምጡ በሩ ላይ ቀርቷል። ሊተክለው የነበረው ነገር አልተተከለም። የፎቶዎቹ ፎልደር ሳይከፈት እንደተዘጋ ነው። ያም ሆኖ ያቺን ፕሮግራም አጠፋች፣ ኮምፒውተሩን በሙሉ አስፈተሸች፣ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል በራሳቸው እጅ አስቀየረቻቸው። በመጨረሻም አክስትየዋ ባንካቸው ራሳቸው ደውለው ጠየቁ። ምንም የተነካ ነገር የለም ተባሉ።

«የለም አሉኝ» አሉ ተመልሰው ሲደውሉ። «ሁሉም በቦታው ነው አሉኝ።»

ወጌሻዋ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። እፎይ! ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተነፈሰች ያኔ ነው የታወቃት። እንባዋ መጣ፤ ግን የሳቅ ጓደኛ የሆነ እንባ ነበር።

የአክስትየዋ ድምፅ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ምነው አክስቴ?»

«አፍሬ ነው። ነግረሽኝ ነበር እኮ። ቃል ገብቼልሽ፣ እንዲህ ቂል ልሁን?»

«አክስቴ፣ እሱ ሥራው ማታለል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲለማመድ ይውላል። ሰው ሁሉ ይሳሳታል ብዬ ነው መዝጊያ ያበጀሁት። ደግሞ እኔ የሠራሁት መዝጊያ ትንሽ ያዘው እንጂ ያባረሩት እርስዎ ነዎት።»

«እንዲያ ነው?»

«ታዲያ! እኔ ከአልጋዬ መውረድ እንኳ አቅቶኝ ነበር።»

አክስትየዋ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ቀስ እያሉ መሳቅ ጀመሩ። «ወተቱ እኮ እውነትም ገንፍሎ ነበር። ምድጃው በሙሉ ተጨማልቋል። ለውሸት ብዬ እውነት ሆነብኝ።»

ማታ ባሏ ሲገባ ነገሩን ሁሉ አወራችለት። ደነገጠ፣ ተናደደ፤ መጨረሻ ላይ «አንተንም አውርጄሃለሁ» የሚለውን ሲሰማ ሳቁ ጣሪያ ነካ። በየፌርማታው ሊያወራው እንደሆነ ከፊቱ ይነበባል።

በሳምንቱ አክስትየዋ አብረዋቸው የሠሩ ጡረተኛ አዋላጆችን ቤታቸው ሰበሰቡና የሆነውን አንድ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ተመሳሳይ ስልክ ደርሷቸው ለማንም ሳይናገሩ የቀሩ ነበሩ፤ ያን ቀን ተናገሩ። ሁሉም ኮምፒውተራቸው እንደ አክስትየዋ እንዲደረግላቸው ፈለጉ፤ ወጌሻዋም አልጋዋ ላይ ሆና በየተራ ቤታቸው ገባች። አንደኛዋ «ትግባ» የሚለውን ከመጫናቸው በፊት አክስቷ ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠይቀው ነው ያስገቧት።

ጀሶው የተፈታ ዕለት የአጥንት ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አየና፣ «እንግዲህ መሬቱን ቀስ ብለሽ ሰላም በዪው» አላት። መሬት ስትረግጥ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ያዛት። ባሏ በአውቶቡስ ሳይሆን ክንዷን ይዞ በእግር አክስቷ ቤት አደረሳት። አክስትየዋ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ አጥንቷን እንደ አዲስ የተወለደ ልጅ ዳብሰው ሲረኩ ወንበር ሳቡላት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና፣ እናቶቹ ፈቃድ የሰጧቸውን ብቻ እየመረጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶዎቹን አሳዩዋት። አፉን ከፍቶ የሚያለቅስ፣ እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ የተኛ፣ ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ምጡ እንዴት እንደነበረ፣ እናቲቱ ምን ብላ እንደተሳደበች፣ አባትየው ኮሪደር ላይ እንዴት እንደወደቀ ይነግሯታል። ወጌሻዋ እግሯን ዘርግታ፣ ምንም የምትጠግነው ነገር ሳይኖር፣ እየሳቀች ስታዳምጥ ዋለች።